ገመድ ያልነካው ጉድጓድ

ኢሩላዪ እባላለሁ፤ አገር አይቼ አፌን የምከፍት ሴት አይደለሁም። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ካሩቬልፓቲ በምትባል፣ ከእሾህ በቀር ምንም በማይበቅልባት መንደር ተወልጄ እዚያው ከሰል ሳከስል አርጅቻለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሰውን በአረማመዱ፣ ፍየልን በጥርሷ፣ ጉድጓድን በአፉ አውቃለሁ። ምላሴም ለስድብ እንጂ ለውዳሴ አልተፈጠረችም፤ ጎረቤቶቼን ጠይቁ። ስለዚህ ያንን የዝናብ አገር ሳወድስ ብትሰሙኝ አሮጊቷ ጃጀች አትበሉ። ያየሁትን ነው የምናገረው።

ወደ ተራራው የወጣሁት ለእረፍት አልነበረም። የልጅ ልጄን ፑንኮዲን ልወስድ ነው የሄድኩት። እኛ ዘንድ በዓመቱ የተዳረች ሙሽራ አዲ የሚባለውን ወር ከባሏ ጋር አታሳልፍም። ወሩ ከመግባቱ በፊት የእናቷ ወገን ሄዶ ይዟት ይመጣል፤ ሲወጣ ትመለሳለች። ምክንያቱን ለማወቅ ጣት መቁጠር ይበቃል። በአዲ የተጸነሰ ልጅ የሚወለደው በእሳቱ ወር ነው። በእሳቱ ወር ደግሞ በእኛ አገር ጉድጓድ ይደርቃል፣ ቁራ ከዛፍ ላይ ይወድቃል፣ አራስ ትሞታለች።

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። የፑንኮዲ እናት፣ አንዲቷ ልጄ ቫሊ፣ በተዳረች ዓመት ልወስዳት ብሄድ በሩን ይዛ አለቀሰችብኝ። «እማ፣ ተይኝ፣ ምን አለ አንድ ወር ነው» አለችኝ። ባሏን ትወደው ነበር። አንጀቴ አልችል አለና ተውኳት። በእሳቱ ወር ፑንኮዲን ወለደች፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ሰው በገመድ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በጣሳ ጨልፎ ያወጣው ውኃ ጭቃ ነበር። ግንባሯ ላይ የማደርገውን ጨርቅ የማርስበት አጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንባ አይቼ የምራራ ሴት አይደለሁም። ፑንኮዲን እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ በምን ምክንያት እናት እንዳጣች ግን አልነገርኳትም ነበር።

አዲ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ሁለት አውቶቡስ ቀየርኩ። ተራራው ላይ አውቶቡሱ እንደ ሰካራም ሲጠማዘዝ፣ የሳሪዬን ጫፍ ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ፌስታል አፌ ላይ ይዤ፣ እስክወርድ ድረስ አንዲት ቅጠል አላየሁም። ሁለት ሌሊት አድሬ ልጅቷን ይዤ ልመለስ ነበር ያሰብኩት። ፍየሎቼን ለጎረቤት አደራ ስሰጥም «ማክሰኞ እቤቴ ነኝ» ብዬ ነው።

ስወርድ ዝናብ ነበር። እኛ አገር ዝናብ እንግዳ ነው፤ ገና ደህና ዋልክ ሳይባል ይሄዳል። እዚያ ግን የቤቱ ባለቤት እሱ ነው፣ እንግዶቹ ሰዎቹ ናቸው።

የፑንኮዲ አማት ዴቫኪ በረንዳው ላይ ተቀበለችኝ። ወገቧ ሰፊ፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከአንድ ልጇ ከቬላን ጋር ሆና የሄል ማሳቸውን ታርሳለች። አያቶቻቸው በችጋር ዘመን ከእኛው ወገን ተሰደው ሄል ሊለቅሙ ተራራ የወጡ ስለሆኑ ወጉን ያውቁታል። እግሬን ልታጥብ ጎንበስ አለችና አንድ እንስራ ሙሉ ውኃ ለቀቀችብኝ። እጇን ያዝኳት።

«ምን አጠፋሁ እትዬ?» አለችኝ።

«ምን ታጠፊ። የሦስት ቀን መጠጤን እግሬ ላይ ደፋሽው እንጂ።»

ፑንኮዲ ከበሩ ኋላ ሆና ሳቀች። ከተዳረች ሁለት ወር አልሞላትም፤ ፊቷ ግን እንደ ዝናብ ቅጠል ወዝቷል። ደስ አለኝ ልበል? አላለኝም። የወዛ ፊት በቀላሉ ከቤቱ አይወጣም።

በማግሥቱ ጠዋት የቆርቆሮው ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ዝናቡ ከጣሪያው ጫፍ እንደ ገመድ ይወርዳል፤ ሥሩ አንድ ዕቃ አልተደቀነም። ይኸን ያህል ዝርክርክ ቤት አይቼ አላውቅም አልኩ በሆዴ። ተነሳሁና ማድቤት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አወጣሁ። ድስቱን፣ ሰታቴውን፣ የወተት ጆጉን፣ የሩዝ ማጠቢያውን፣ የቬላንን የሞተር ራስ ቁር ሳይቀር ከጣሪያው ሥር ደረደርኩ። አንዱ ሲሞላ ሌላውን ስቀይር እስከ ጉልበቴ ረጠብኩ። እንዲያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበትን ቀን አላስታውስም።

ዴቫኪ ቁርስ ልትሠራ ተነስታ ማድቤቷን ባዶ አገኘችው።

«እትዬ፣ ሌባ ገብቶ ነበር?»

«ድስትሽ ሞልቷል። ገልብጪውና መልሰሽ ደቅኚው።»

«የት ልገልብጠው?»

«በርሜል ውስጥ ነዋ።»

«በርሜሉ ሙሉ ነው።»

«መቼ ሞላ?»

«ዝናቡ ከገባ። ሁለት ወሩ።»

«ኩሬ ውስጥ ድፊው እንግዲህ።»

«ኩሬው ሞልቶ መንገድ ላይ እየሄደ ነው እትዬ» አለችና ወተት ጆጉን አንስታ እዚያው ደጃፉ ላይ ደፋችው። ዓይኔ እያየ። ስድሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ዕቃ ሞልቶኝ ውኃ አጥቼ ነው የኖርኩት። ማስቀመጫ ያጣ ውኃ ያየሁት በዚያ ጠዋት ነው። የቀሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ አንስቼ ማድቤት መለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ቬላን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ። ረጅም፣ ቃሉ ቁጥብ የሆነ ልጅ ነው።

«ፓቲ» አለኝ፤ እነሱም እንደኛ አያትን እንዲያ ነው የሚጠሩት፤ «መንገዱ ሄዷል።»

«የት ሄደ?»

«ወደ ወንዙ።»

ተራራው ተንዶ የመንገዱን ቁራጭ ይዞት ወርዶ ኖሯል። ሳምንት ይፈጃል አለ። ፊቱን አየሁት፤ ደስታውን ሊደብቅ ሲታገል ያሳዝናል።

«እንዳትስቅ» አልኩት። «መንገዱ አዲ ሳይገባ ከተከፈተ ይዣት እሄዳለሁ። ካልተከፈተ በእግር እሄዳለሁ።»

«እሺ ፓቲ» አለ። አልሳቀም።

እንዲህ ሆኜ ነው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩት። ዴቫኪ መጥረጊያ ሳነሳ ትነጥቀኛለች፤ ሽንኩርት ልላጥ ስል «እንግዳ ነዎት» ትለኛለች። በረንዳው ላይ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝ። ከጎረቤት ያለው ቤት ክፍል ያከራያል፤ ከትልልቅ ከተማ የመጡ ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው እንደኔው በረንዳ ላይ ተደርድረዋል።

«እነዚህ ምን ፈልገው ነው?» አልኳት ዴቫኪን።

«ዝናብ ሊያዩ።»

«አይተው ምን ያደርጉታል?»

«ያዩታል፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ደግመው ያዩታል።»

«ገንዘብ ከፍለው?»

«ከፍለው።»

«ቤተሰብ የላቸውም ይሆናል» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከፊት ለፊታችን ጉሙ እንደ መጋረጃ ገለል አለ። እስከዚያ ድረስ ከጓሮው ባሻገር ምን እንዳለ አላየሁም ነበር። ገደል ነው። ሰማይን ተደግፎ የቆመ ጥቁር ገደል፣ ከላይ እስከ ታች በነጭ ክር የተጠለፈ። ክር አይደለም፣ ውኃ ነው። ቆጠርኩት፤ አሥራ ዘጠኝ። ዓይኔን አላመንኩም፣ መልሼ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት። ቁጥር አልተሳሳትኩም፤ ፍየል የሚጠብቅ ሰው ቁጥር አይስትም። እኔ ቆሜ ሳለሁ አራቱ አሁን ተወልደው ነው። አለቱ ላይ ስንጥቅ የነበረው ነጣ፣ ወፈረ፣ ዘለለ። ድምፁ ቆይቶ ነው የደረሰን። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። መንደሬ ውስጥ ለአንድ ጉድጓድ አርባ ክንድ ቆፍረን፣ ታችኛው አሸዋ ሲርስ እልል ብለናል። እዚህ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳያየው፣ ተራራው ከየስንጥቁ ያፈሰዋል።

ጉሙ ደግሞ ቤት ይገባል። ቀልዴን አይደለም። በሩ ክፍት ከሆነ እንደ ዘመድ ዘው ብሎ ይገባል፣ ሳሎኑን ያቋርጣል፣ በማድቤት በኩል ይወጣል። መጀመሪያ ቤቱ ተቃጠለ ብዬ ጮህኩ። ፑንኮዲ እጄን ይዛ «አሽቺው ፓቲ» አለችኝ። አሸተትኩት፤ የቀዘቀዘ ድንጋይ ይሸታል። ሲያልፍ ቅንድቤ ላይ ጤዛ ትቶልኝ ሄደ።

አረንጓዴ አንድ ቀለም ይመስለኝ ነበር። ዛፉ ላይ ቁንዶ በርበሬ ይጠመጠማል፣ ቁንዶ በርበሬው ላይ የድንጋይ ሽበት ይለብሳል፣ ሽበቱ ላይ ላባ የመሰለ ቅጠል ይወጣል፣ ቅጠሉ ላይ ጥፍር የምታክል እንቁራሪት ተቀምጣ ትዘፍናለች። የአጥሩ እንጨት ሞቶ የተተከለ ነው፣ ቅጠል አውጥቷል። የመጥረጊያው እጀታ እንጉዳይ አብቅሏል። ሳሪዬ አምስት ቀን ተሰጥቶ አልደረቀም፤ በስድስተኛው ቀን እሱም ሊያብብ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እኛ አገር አንዲት ቅጠል ለመኖር ምን ያህል እንደምትታገል ስለማውቅ ይኸ ሁሉ ስንፍና፣ ይኸ ሁሉ ጥጋብ መጀመሪያ አናደደኝ። ከዚያ ንዴቱ የት እንደሄደ እንጃ። ዝናቡ ለአፍታ ቆሞ ፀሐይ ስትወጣ ጫካው ሁሉ ይጤሳል፣ ከየቅጠሉ ጫፍ ብርሃን ይንጠባጠባል።

አንድ ቀን ደግሞ ከጓሮ የሚያፏጭ ሰው ሰማሁ። ሥራ እንደፈታ ጎረምሳ፣ ዜማ ጀምሮ ይተወዋል፣ ደግሞ ይጀምራል። ፑንኮዲ ልብስ እያጠበች ነበር። ዱላ ይዤ ወጣሁ።

«አንተ ባለጌ፣ ባል ያላት ልጅ ናት፣ ሂድ እናትህ ላይ አፏጭ» አልኩ ወደ ቁጥቋጦው።

ፑንኮዲ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሳሙናው ከእጇ ወጣ። «ወፍ ነው ፓቲ።»

«ወፍ እንዲህ አያፏጭም።»

ወጣና ድንጋይ ላይ ቆመ። ጥቁር ነው፣ ክንፉ ላይ ሰማያዊ አለው። ዓይኔን እያየ እንደገና አፏጨ። ዱላዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሳልሰማው ሻይ አልጠጣም ነበር።

በስድስተኛው ቀን ዴቫኪ ብርጭቆዬን ልታነሳ መጥታ ሻዩ እንዳለ ቀዝቅዞ አገኘችው። ከጠዋት ጀምሬ ገደሉን እያየሁ ነበር።

«እትዬ፣ ለእርስዎም ክፍል ላከራይዎ?» አለችኝ።

ፍቅር በወጣትነት ይዞኝ አያውቅም፤ ባሌን አባቴ ነው የመረጠልኝ፣ ደህና ሰው ነበር፣ አለቀ። አሁን በስተርጅና አንድ አገር ያዘኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም።

ግን የመጣሁበትን አልረሳሁም። በሰባተኛው ቀን የመንገድ ሠራተኞቹ ሊጨርሱ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ አዲ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ፑንኮዲን «ማሳውን አሳዪኝ» አልኳትና አብረን ወጣን። አልቅት እንዳይይዝሽ ብላ እግሬን በጨውና በትምባሆ አሸችልኝ። ሄሉ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፤ ቅጠሉ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ፍሬው ግን ከሥሩ፣ መሬት ለመሬት ነው የሚወጣው። አንዱን ነክሼ አፌ ሙሉ ሽታ ሆነ።

«ሻንጣሽን አዘጋጂ» አልኳት።

«አልሄድም ፓቲ» አለች ጀርባዋን ሰጥታ።

«ማን ጠየቀሽ? አዘጋጂ ነው ያልኩት።»

«እዚህ የእሳት ወር የለም።»

«የእሳት ወር የሌለበት አገር የለም። ፀሐይ አንድ ናት።»

«አማቴን ጠይቂያት። በዚያ ወር ብርድ ልብስ ለብሰው ነው የሚተኙት። ማታ ማታም ይዘንባል።»

«አማትሽ የልጇ እናት ናት። ልጇ ወር ሙሉ ብቻውን እንዳይተኛ ከፈለገች በረዶ ይወርዳል ትለኛለች።»

«ቬላንም ብሏል።»

«ቬላንማ ይላል። ሌላ ምን ሊል ኖሯል? አንቺ ራስሽ ያን ወር እዚህ አላየሽውም። ምላስ ያለው ሁሉ የሚመሰክረው ለራሱ ነው።»

ቅጠል በጥሳ በእጇ አሸችው። «እናቴ ብትኖር እንዲህ አታስጨንቀኝም ነበር።»

«እናትሽ የሌለችው ስላላስጨነቅኳት ነው» አልኳት።

እንዲህ ልነግራት አላሰብኩም ነበር። ወጣ። አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ ሌላውንም ነገርኳት፤ በሩን ይዛ ማልቀሷን፣ መተዌን፣ ጭቃውን፣ ደረቁን ጨርቅ። ፑንኮዲ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ይመታል፤ ከላይ ያለው ዛፍ ጣሪያ ስለሆነ እኛን የሚደርሰን ቆይቶ፣ በትልልቅ ጠብታ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትኩሳት ገደላት አልኩሽ። ውሸት ነው?»

«ሙሉ አይደለም።»

«ሙሉውን ለልጅ አይነግሩም።»

ዝቅ ብላ ከቁርጭምጭሚቴ ላይ ደም ጠጥቶ ያበጠ አልቅት አነሳችና ወረወረችው። ከዚያ «እሺ» አለች። «እሄዳለሁ።» አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ለእንባ ሃያ ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ቬላን በሩ ላይ ቆሞ «መንገዱ ተከፍቷል፣ ጂፕ ጠርቻለሁ» አለ፤ ጥፋቱን እንደሚናዘዝ ሰው። የፑንኮዲ ሻንጣ ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ዴቫኪ ለመንገዳችን ሙዝ ትጠብሳለች፤ የወትሮው ሳቋ የለም።

ፊቴን ልታጠብ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ውኃ ከበርሜል ነበር የሚቀዱልኝ፤ ጓሮ ያለውን ጉድጓድ ጠጋ ብዬ አላየሁትም። ገመዱን ፈለግኩ። የለም። ባልዲውም እጀታ እንጂ ገመድ የለውም። አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ውኃው ከአፉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ የራሴን ፊት አሳየኝ። ይኸ አያስደንቅም፣ ክረምት ነው፣ በክረምት የእኛም ትንሽ ከፍ ይላል።

ከዚያ እጄ በልማድ የጉድጓዱን አፍ ዳሰሰ።

የእኛ መንደር የጉድጓድ ድንጋይ ጥርስ አለው። ገመድ ሲወጣና ሲወርድ ድንጋዩን እንደ መጋዝ ይበላዋል፤ አዲስ ድንጋይ ብታኖሩ በአሥር ዓመት ጣት የሚያስገባ ቦይ ይቆርጥበታል። ያን ቦይ በማየት ብቻ ውኃው በክፉው ወር ስንት ክንድ እንደሚወርድ፣ ስንት ሴት ስንት ዓመት ወገቧን እንደቆረጠች ልነግራችሁ እችላለሁ። ጣቴን ዙሪያውን አስኬድኩ። ለስላሳ። ድንጋዩን ያለበሰውን ሽበት በጥፍሬ ፋቅኩት፤ ከሥሩ ለስላሳ። ተንበርክኬ ዞርኩት፤ ጠራቢው እንደተወው ነው፣ የመሮው ምልክት እንኳን አልጠፋም። አንድም ቦይ የለም። አንድም።

«ዴቫኪ» ብዬ ጠራሁ።

እጇን እየጠረገች መጣች።

«ይኸን ጉድጓድ ማን ቆፈረው?»

«የባሌ አያት። ሰባ ዓመት ሆነው።»

«ድንጋዩ ተቀይሮ ያውቃል?»

«ድንጋይ ደግሞ ማን ይቀይራል እትዬ?»

«ገመዱ የት ነው?»

«የምን ገመድ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥያቄው አልገባትም። ለጉድጓድ ገመድ እንደሚያስፈልግ የማታውቅ አምሳ ዓመት የሞላት ሴት ፊቴ ቆማለች። ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ እንዲህ ያለ አለማወቅን ግን ማንም አይዋሽም።

«በእሳቱ ወር እስከ የት ይወርዳል?»

ጎንበስ ብላ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገባችና ከውኃው በታች አንድ ድንጋይ ነካች። «እስከዚህ። የዛሬ ዓመት እስከዚህ ደርሶ ሁላችንም ተጨንቀን ነበር።»

ተጨንቀው ነበር። በእጅ የሚደረስበት ውኃ አስጨንቋቸው ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ዝናቡ ጀርባዬን ይደበድበኛል፣ ገደሉ ከእነ ውኃው ከፊቴ ቆሟል፣ ያ ወፍ ከየት እንደሆነ ያፏጫል፤ እኔ የድንጋዩን አፍ በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ አልኩ። ሃያ ዓመት ስፈራው የኖርኩት ወር እዚህ ጉድጓድ ድረስ መጥቶ አያውቅም። ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ አልመጣም።

«መንገዱስ?» አልኩ ተነስቼ። «ልጅቷ ምጥ ላይ ሆና መንገዱ ወደ ወንዝ ቢሄድስ?»

«በዚያ ወር መንገድ አይሄድም እትዬ። የሚሄደው አሁን ነው። ሆስፒታሉ በጂፕ ግማሽ ሰዓት ነው።»

«ለልጅሽ ብለሽ እንዳይሆን።»

«ለልጄም ብዬ ነው» አለች። ይኸንን ወደድኩላት።

ጂፑ ጥሩንባውን ነፋ። በረንዳው ላይ ወጣሁና የፑንኮዲን ሻንጣ አንስቼ ወደ ቤት መልሼ ወረወርኩት። ቬላን አየኝ፣ ሻንጣውን አየ፣ እንደገና አየኝ።

«ምን ያስፈጥጥሃል? ሸክም ነው፣ አስገባው» አልኩት።

ሹፌሩ «ሁለት ሰው ነው የተባልኩት» አለ።

«አንድ ነው። ቆጥረህ ውሰድ።»

ፑንኮዲ ተከትላኝ መጥታ የጂፑን በር ይዛ ቆመች። ፀጉሯ ረጠበ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ፓቲ፣ ብትሳሳቺስ?» አለችኝ።

«ከተሳሳትኩ ሁለቴ ተሳሳትኩ ማለት ነው» አልኳት። ሌላ ማጽናኛ አልነበረኝም። «ከጸነስሽ አስደውዪልኝ። የእሳቱ ወር ሳይገባ እመጣለሁ፤ እስክትወልጂ ከዚህ በረንዳ የሚያነሳኝ የለም። ካልሆነልሽም እመጣለሁ።»

«ካልሆነልኝ ምን ልታደርጊ?»

«ዝናብ ለማየት» አልኩና በሩን ሳብኩት።

ፊቴን አልሸፈንኩም፤ ሆዴም አልተገለበጠም። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ሕፃን መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ሄድኩ። ተራራው ጫፍ ላይ ሹፌሩ ሽንቴን ልሽና ብሎ አቆመ። እኔም ወገቤን ላቃና ወረድኩ።

እዚያ ላይ አንድ ነገር አለ። ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ቢነግሩኝም አላምንም ነበር። ዝናቡ ያልቃል። ቀስ ብሎ ሳስቶ አይደለም፤ በቢላ እንደተቆረጠ ነው። ጉሙ ሸንተረሩ ላይ ድረስ መጥቶ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ባዶ ነው። እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ፤ ረጠበ። ወደ ፊት ዘረጋሁት፤ ትኩስ ነፋስ መጥቶ ላሰው። ከሥሬ አገሬ ተዘርግቷል፤ ቡኒ፣ ጠፍጣፋ፣ በአቧራ የደበዘዘ፣ እስከ ሰማይ ጥግ። የትኛው አቧራ ካሩቬልፓቲ እንደሆነ አይለይም። ቫሊ እዚያ ነው የሞተችው። ይኸ ሁሉ ውኃ እዚህ ተከምሮ ሳለ፣ ማስቀመጫ አጥቶ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ሳለ፣ በዚህ በአንድ ሸንተረር ውፍረት ነው የሞተችው። ፑንኮዲን እዚያ ታች ባወርዳት ኖሮ ብዬ አሰብኩና የጂፑን በር ይዤ ቆምኩ።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ማንን እንደምቆጣ አጣሁ። ያ ነገር ለቁጣ ይገዝፋል።

ሹፌሩ ሱሪውን እያሰረ መጣ። «ፓቲ፣ ይረጥባሉ፣ ይግቡ እንሂድ» አለኝ።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተራመድኩና ዝናቡ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት።